ከጥንድ ኮከቦች ውስጥ ነጭ ድንኩን መለየት፦ ከጥርጣሬ እስከ ማረጋገጫ

ነጭ ድንክ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ትቶት የሚያልፍ ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ እምብርት ነው። ብቻውን ሲሆን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። ከሌላ ኮከብ ጋር ሲጣመር ግን ብርሃኑ በጓደኛው ይዋጣል። ምክንያቱ ትንሽነቱ ነው። የፀሐይን 0.6 ያህል መጠነ ቁስ የያዘ የተለመደ ነጭ ድንክ ሬዲየሱ የፀሐይ 0.013 ገደማ ነው፤ ከመሬት እምብዛም አይተልቅም። ገጹ 15,000 ኬልቪን ቢግል እንኳ በጠቅላላው የሚያወጣው ብርሃን ከፀሐይ 0.8 በመቶ አይበልጥም። ፀሐይን ከመሰለ ኮከብ ጎን ሲቆም ፎቶ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ስለዚህ ሥራው በሁለት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። ጓደኛው ትንሽና ትኩስ ነው? ደግሞስ ለትንሽነቱ የማይመጥን ክብደት አለው? የመጀመሪያውን የሚመልሰው ብርሃን ነው፤ አልትራቫዮሌት፣ ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመቱ የተዘረጋ ብርሃን፤ ንጥረ ነገሮች በላዩ ላይ መስመር ይተዉበታል)፣ ግርዶሽ። ሁለተኛውን የሚመልሰው እንቅስቃሴ ነው፤ የፍጥነት መለዋወጥ፣ በሰማይ ላይ መወዛወዝ፣ በስበት የሚመጣ ቀይ ሽግሽግ (የብርሃኑ ሞገድ መርዘም)። ከሁለቱም ወገን ቢያንስ አንድ አንድ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ያገኛችሁትን «ዕጩ» ብላችሁ ጥሩት። ብርሃን ብቻውን ያታልላል፣ እንቅስቃሴም ብቻውን ያታልላል፤ እንዴት እንደሚያታልሉ በየቦታው እናሳያለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው፦ ምን ያህል ይራራቃሉ? ጓደኛውስ ማነው?

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች እወቁ። በሰማይ ላይ ከ1 ወይም 2 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) በላይ ከተራራቁ የኮከቦችን ቦታና እንቅስቃሴ የለካው የጋያ የጠፈር ቴሌስኮፕ ለየብቻ ስላያቸው አብዛኛው ሥራ በሰንጠረዥ ያልቃል። የዙር ጊዜያቸው ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ሦስት ዓመት ከሆነ የዋናው ኮከብ መወዛወዝ በጋያ መረጃ ውስጥ ይገኛል። ከሰዓታት እስከ ቀናት ከሆነ ደግሞ ስፔክትሮግራፍና የብርሃን ግራፍ ግድ ይላሉ።

የጓደኛው ማንነትም መንገዱን ይወስናል። ቀይ ድንክ (ትንሽና ቀዝቃዛ ተራ ኮከብ) ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ በስፔክትረሙ ሰማያዊ ጫፍ ነጭ ድንኩ፣ በቀዩ ጫፍ ቀይ ድንኩ ጎልቶ ይታያል። የኤፍ፣ የጂ ወይም የኬ ዓይነት (ፀሐይን የመሰለ) ኮከብ ከሆነ ወደ አልትራቫዮሌት መሄድ አለባችሁ። የኤ ወይም የቢ ዓይነት (ከፀሐይ በጣም የሚሞቅ) ከሆነ አልትራቫዮሌቱንም እሱ ይሞላዋል፤ ያኔ ፍለጋው ከእንቅስቃሴ ይጀምራል።

የተራራቁ ጥንዶች

በጁን 2022 የወጣውን የጋያ ሦስተኛ ልቀት ያዙ። ሰንጠረዥ ለማጋጠም ቶፕካት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል። በደማቁ ኮከብ ዙሪያ ያሉትን ምንጮች ሰብስቡና ፓራላክሳቸው (መሬት ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ በሰማይ ላይ የሚያሳየው መዛወር፤ ርቀት የሚሰላው ከዚህ ነው) ከደማቁ ኮከብ ጋር በስህተት ወሰናቸው ድምር 3 እጥፍ ውስጥ የሚገጥመውን ብቻ አስቀሩ።

ቀጥሎ በሰማይ ላይ የሚጓዙበትን ፍጥነትና አቅጣጫ አወዳድሩ። በስበት የተሳሰሩ ኮከቦች እንቅስቃሴ ፍጹም እኩል አይሆንም፤ እርስ በርስ ስለሚዞሩ ትንሽ ይለያያል። የሚፈቀደውን ልዩነት እንዲህ አስሉ፦ ፓራላክሱን (በሚሊአርክሰከንድ) በራሱ ስኩዌር ሩት አባዙ፣ ውጤቱን በ0.44 አባዙ፣ ከዚያ በመካከላቸው ላለው ርቀት (በአርክሰከንድ) ስኩዌር ሩት አካፍሉ። ፓራላክሱ 20፣ ርቀታቸው 9 አርክሰከንድ ቢሆን የሚፈቀደው ልዩነት በዓመት 13 ሚሊአርክሰከንድ ገደማ ነው። ቀመሩ ድምር መጠነ ቁሱ 5 ፀሐይ ለሆነ ጥንድ የተሰላ ስለሆነ ለጋስ ነው። ይህን አልፎ የሄደውን ሁሉ ግን ወዲያው አትጣሉት፤ ከሁለቱ አንዱ ራሱ የተደበቀ ጥንድ ከሆነ የውስጡ ዙር እንቅስቃሴውን ያዛባዋል።

አሁን ፍጹም ማግኒቲዩድ (የኮከቡ እውነተኛ ድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል) አስሉ፦ የጋያ ጂ ማግኒቲዩድ፣ ሲደመር 5 ጊዜ የፓራላክሱ ሎጋሪዝም፣ ሲቀነስ 10። ማግኒቲዩዱ 16፣ ፓራላክሱ 20 የሆነ ምንጭ 12.5 ይወጣዋል። በዚህ ድምቀት ላይ ሊቀመጡ የሚችሉት ሁለት ናቸው። ቀይ ድንክ ከሆነ የጋያ ሰማያዊና ቀይ ማግኒቲዩዶች ልዩነት ከ3 ይልቃል፤ ነጭ ድንክ ከሆነ ከ0.5 በታች ይሆናል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በዚህ ቦታ ለመሳሳት አይመችም።

ስህተቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ጋያ ሰማያዊና ቀይ ብርሃንን የለካው 3.5 በ2.1 አርክሰከንድ በሆነ መስኮት ነው። ጥንዱ ከ3 አርክሰከንድ በታች ከተቀራረበ የደማቁ ብርሃን ወደ ደካማው መስኮት ይፈስና ነጭ ድንኩን ቢጫ ወይም ቀይ ያስመስለዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀለሙን ተዉትና ኢንፍራሬድ ምስል ፈልጉ። ፍጹም ማግኒቲዩዱ 12.5 የሆነ ቀይ ድንክ በኬ ባንድ (በኢንፍራሬድ ክልል ያለ የመለኪያ መስኮት) 4 ማግኒቲዩድ ያህል ይበልጥ ደምቆ ይወጣል፤ ነጭ ድንክ ግን እዚያም ያው ደካማ ነው። በኢንፍራሬድ የደበዘዘ ጓደኛ ጥሩ ምልክት ነው።

የተራራቀ ጥንድ ሌላም ጥቅም አለው፤ የነጭ ድንኩን መጠነ ቁስ በቀይ ሽግሽግ መለካት ያስችላል። ሁለቱም በአንድ ፍጥነት ስለሚጓዙ የነጭ ድንኩ መስመሮች ተጨማሪ ሽግሽግ ካሳዩ ያ ትርፍ የስበቱ ነው። መጠኑ 0.636 ሲባዛ በመጠነ ቁሱ ሲካፈል ለሬዲየሱ ነው፤ ሁለቱም በፀሐይ መለኪያ፣ ውጤቱ በኪሎሜትር በሰከንድ። ለተለመደው ነጭ ድንክ 30 አካባቢ ይሆናል፤ ለሲሪየስ ቢ 80 ነው። የሚለካው በሃይድሮጅን አልፋ መስመር ቀጭን እምብርት ላይ ነው። ሰፋፊ ክንፎቹ ላይ መለካት የለበትም፤ ክንፎቹን የጋዙ ግፊት ያጋድላቸዋል።

ቀይ ድንክ ያለበት ጥንድ

በቀለም ሰንጠረዥ ላይ እነዚህ ጥንዶች በነጭ ድንኮች መስመርና በተራ ኮከቦች መስመር መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ይወድቃሉ። ከዚያ የተነሳውን ዕጩ በስፔክትረም አረጋግጡ። ከ3800 እስከ 9200 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ፤ 10 አንግስትሮም 1 ናኖሜትር ነው) የሚሸፍን፣ የመለየት አቅሙ 2000 አካባቢ የሆነ ስፔክትረም ይበቃል፤ በሰማያዊው ክፍል ሲግናሉ ከሁከቱ ቢያንስ 15 እጥፍ ይሁን።

በቀዩ ጫፍ ከ7050 አንግስትሮም አካባቢ ጀምሮ የታይታኒየም ኦክሳይድ ሰፋፊ ቦዮች ይታያሉ፤ እነዚህ የቀይ ድንኩ ናቸው። ለቦዮቹ ጥልቀት የሚስማማ የቀይ ድንክ አብነት መርጣችሁ ቀንሱ። የቀረው የነጭ ድንኩ ነው። ሃይድሮጅን ያለው ከሆነ ቤታ (4861)፣ ጋማ (4340) እና ዴልታ (4102) እጅግ ሰፍተው ይታያሉ፤ ክንፎቻቸው ከመሀል ወዲያና ወዲህ ብዙ አስር አንግስትሮም ይዘረጋሉ። ስፋቱ ከገጹ ስበት የመጣ ነው፤ የነጭ ድንክ ገጽ ስበት ከፀሐይ በ3,500 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

የኤ ዓይነት ኮከብም ሰፊ የሃይድሮጅን መስመሮች ስላሉት ከእሱ ለመለየት መስመሮቹን ቁጠሩ። በተራው ኮከብ ላይ ተከታታዮቹ ወደ አልትራቫዮሌት እየተጠጉ እስከ አሥራ አምስተኛው ደረጃና ከዚያም በላይ ለየብቻ ይታያሉ። በነጭ ድንክ ላይ ግን ዘጠነኛው አካባቢ ሲደርሱ ተዋህደው ይጠፋሉ። ይህ ፈተና ሞዴል አይጠይቅም፤ ለፈጣን ውሳኔ የሚበልጠው የለም።

ሞዴል ስትገጥሙ ሦስት ነገሮችን አስቡ። ሃይድሮጅን አልፋን ተዉት፤ የቀይ ድንኩ ደማቅ መስመር እዚያው ላይ ይወጣና ይሞላዋል። ሁለተኛው ወጥመድ የሙቀት መንታ መልስ ነው። የሃይድሮጅን መስመሮች 13,000 ኬልቪን አካባቢ ከፍተኛ ጉልበታቸው ላይ ስለሚደርሱ 10,500 እና 16,000 የሆኑ ሁለት ሙቀቶች ተመሳሳይ መስመር ሊሰጡ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ የሰጣችሁን የመጀመሪያ መልስ አትቀበሉ፤ ከሁለቱ የትኛው ከአልትራቫዮሌቱ ብርሃንና ከፓራላክሱ ጋር እንደሚስማማ አይታችሁ ምረጡ። ሦስተኛ፣ ከ13,000 ኬልቪን በታች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰሉ ሞዴሎች ስበቱን አጋነው ስለሚያሳዩ በሦስት አቅጣጫ ስሌት የተዘጋጀውን እርማት አስገቡ። ይህን የዘለለ ሰው ቀዝቃዛ ነጭ ድንኮቹ ሁሉ ያለአግባብ ከባድ ሆነው ይወጡበታል።

የሃይድሮጅን መስመር አለመታየቱ ነጭ ድንክ የለም ማለት አይደለም። ሂሊየም ብቻ ያለው 4471 እና 5876 ላይ መስመር ያሳያል፤ ምንም መስመር የሌለውም አለ። ሰማያዊው ክፍል ለቀይ ድንክ ከሚገባው በላይ ብሩህ ሆኖ መስመር ከሌለው ፍለጋውን አታቁሙ።

ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ያለበት ጥንድ

ከሁሉ የሚከብደውና ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ 5,800 ኬልቪን የሆነ ኮከብ ብርሃኑ 5,000 አንግስትሮም አካባቢ ይበረታል፤ 15,000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ድንክ ደግሞ 1,930 አካባቢ። ወደ ሩቅ አልትራቫዮሌት ስትወርዱ ትልቁ ኮከብ ይጨልምና ትንሹ ይወጣል። ዋናው የመረጃ ምንጭ ከ2003 እስከ 2013 የሠራው የጋሌክስ ሳተላይት ነው። ሁለት ባንዶች አሉት፦ ከ1344 እስከ 1786 አንግስትሮም የሆነው ሩቅ አልትራቫዮሌት፣ ከ1771 እስከ 2831 የሆነው ቅርብ አልትራቫዮሌት። የሩቁ መቀበያ በ2009 ስለተበላሸ ከዚያ በኋላ የተነሱት ምስሎች ለዚህ ሥራ ግማሽ ጎናቸው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ከማጋጠም በፊት ኮከቡን ወደ ኋላ መልሱት። የጋያ አድራሻ የ2016 ነው። በዓመት 200 ሚሊአርክሰከንድ የሚጓዝ ኮከብ በ10 ዓመት 2 አርክሰከንድ ይሄዳል፤ አድራሻውን ወደ ጋሌክስ ምስል ቀን ካልመለሳችሁ ወይ እውነተኛውን ታጡታላችሁ፣ ወይ ከኋላ ያለ ጋላክሲ ታያይዙበታላችሁ። ከተመለሰ በኋላ በ3 አርክሰከንድ ውስጥ ያለውን ምንጭ ውሰዱ።

ዋናውን ኮከብ ብቻውን ግጠሙ፤ የጋያን እንዲሁም የኢንፍራሬድ ቅኝቶቹን የቱማስንና የዋይዝን መለኪያዎች ተጠቀሙ፣ አልትራቫዮሌቱን ግን አታስገቡ። አልትራቫዮሌቱን አብሮ መግጠም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሞዴሉ ትርፉን ለመዋጥ ኮከቡን ከእውነቱ በላይ ያሞቀዋል፣ የምትፈልጉትም ምልክት በዚያው ይጠፋል። ከዚያ ሞዴሉ በሁለቱ የጋሌክስ ባንዶች የሚተነብየውን ከተለካው ጋር አወዳድሩ። በጂ ዓይነት ኮከብ ሩቁ ባንድ ከቅርቡ በብዙ ማግኒቲዩድ ይደክማል። ልዩነቱ ከ1.5 በታች ሆኖ ካገኛችሁት የኮከቡ ገጽ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም።

ቀጣዩ እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፦ ትርፉን ወደ ሬዲየስ ቀይሩት። የዋናውን ኮከብ ድርሻ ከሁለቱም ባንዶች ቀንሱ፣ የቀረውን በነጭ ድንክ ሞዴል ግጠሙ፣ የገጹን ስበት በሎጋሪዝም 8 ላይ አስሩ፣ ርቀቱን ከፓራላክስ ውሰዱ። ሞዴሉን ወደ ልኬቱ የሚያወርደው ቁጥር ሬዲየሱ ለርቀቱ ተካፍሎ በስኩዌር ነው። የሚወጣው ሬዲየስ ከፀሐይ 0.008 እስከ 0.02 ውስጥ ከወደቀ ዕጩው ጠንካራ ነው። ከ0.1 እስከ 0.25 ከወጣ ትኩስ ንዑስ ድንክ ነው የያዛችሁት፤ እሱም ብሩህ ሰማያዊ ነው፣ ግን ሂሊየም እያነደደ ያለ ሌላ ዓይነት ኮከብ ነው። ሬዲየሱ ከነጭ ድንክ በጣም ያነሰ ከሆነ ብርሃኑ ከዋናው ኮከብ ክሮሞስፌር (ከገጹ በላይ ካለው ትኩስ የጋዝ ሽፋን) የመጣ ሊሆን ይችላል። በሞዴሎቹ መለኪያ ተጠንቀቁ፦ አንዳንዶቹ የገጽ ፍላክስ ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ ለፓይ ወይም ለ4 ፓይ የተካፈለ መጠን። በ4 ፓይ ከተሳሳታችሁ ሬዲየሱ በ3.5 እጥፍ ይዛባል፤ ያ ደግሞ ነጭ ድንክን ወደ ንዑስ ድንክ ለማስጠጋት የሚበቃ ስህተት ነው።

አቧራውንም ቁጠሩ። በቀለም ሲለካ 0.05 ማግኒቲዩድ ብቻ የሚያቀላ አቧራ ሩቁን አልትራቫዮሌት ወደ 0.4 ማግኒቲዩድ ያደክመዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ንቁ ኮከብ ነው። ወጣት ወይም በፍጥነት የሚሽከረከር ኮከብ ክሮሞስፌሩ በሩቅ አልትራቫዮሌት ያበራል፤ ለምሳሌ የካርበን መስመሮች 1548 እና 1550 ላይ ጋሌክስ ባንድ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የካልሲየም መስመሮችን 3933 እና 3968 ላይ እዩ። እምብርታቸው ላይ ደማቅ ጫፍ ካለ፣ ወይም የብርሃን ግራፉ ጥቂት ቀን የሆነ የነጠብጣብ ዑደት ካሳየ፣ ትርፉን ለነጭ ድንክ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። አስቸጋሪው ነገር የተቀራረበ ጥንድ ዋናውን ኮከብ ራሱ በፍጥነት እንዲሽከረከር ስለሚያስገድደው ሁለቱም አብረው መገኘታቸው ነው። ቁርጡን የሚነግረው የሐብል ቴሌስኮፕ አልትራቫዮሌት ስፔክትረም ነው። 1216 አንግስትሮም ላይ ሰፊና ጥልቅ የሃይድሮጅን ቦይ ከታየ ነጭ ድንክ አለ፤ ደማቅ መስመሮች ብቻ ከታዩ የለም፣ ወይም በጣም ቀዝቅዟል።

የመጨረሻዋ ሐረግ ቀላል አይደለችም። ነጭ ድንክ ወደ 10,000 ኬልቪን ለመውረድ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ከጂ ዓይነት ኮከብ ጎን ሆኖ በጋሌክስ አብዛኛውን ጊዜ አይለይም። አልትራቫዮሌት የሚያሳያችሁ ወጣቶቹን ብቻ ነው። ብዙኃኑን ለማግኘት ወደ እንቅስቃሴ መሄድ አለባችሁ።

መጠነ ቁሱን ከፍጥነት ማውጣት

የዙሩ ጊዜ ስለማይታወቅ የመጀመሪያዎቹን ምልከታዎች በተለያየ ክፍተት አሰራጩ፦ በአንድ ሌሊት ሁለት፣ በ3 ሰዓት ልዩነት፤ ከዚያ በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። ሁሌ በአንድ ሰዓት ላይ ብቻ ከለካችሁ የ1 ቀን የውሸት ዙር ይወጣባችኋል። ምህዋር ለመግጠም ከ8 እስከ 10 ልኬት ዝቅተኛው ነው። አንዱ ኤክስፖዠር ከዙሩ 5 በመቶ አይብለጥ፤ አለበለዚያ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ፍጥነቱም አንሶ ይለካል። ቀይ ድንክ ከሆነ 8183 እና 8195 ላይ ያሉት የሶዲየም መስመሮች ይሻላሉ፤ ነጭ ድንኩ እዚያ ምንም መስመር የለውም። ስፔክትሮግራፉ ራሱ እንደሚንሸራተት አትርሱ፤ በየኤክስፖዠሩ የሰማይን ደማቅ መስመሮች ለክታችሁ እርማት አድርጉ።

ምህዋሩ ክብ ከሆነ የመጠነ ቁስ ፋንክሽኑ 0.0000001036 ሲባዛ በፍጥነቱ ግማሽ ስፋት ኪዩብ (በኪሎሜትር በሰከንድ) ሲባዛ በዙሩ ጊዜ (በቀን) ነው። ምሳሌ፦ ዙሩ 5 ቀን፣ ግማሽ ስፋቱ 60 ቢሆን 0.112 ፀሐይ ይወጣል። ይህ ቁጥር የጓደኛው መጠነ ቁስ ኪዩብ ለጠቅላላው ስኩዌር የተካፈለ ነው። ዋናው ኮከብ 1 ፀሐይ ከሆነ ጓደኛው ቢያንስ 0.68 ይሆናል። ምህዋሩን 60 ዲግሪ ያዘነበለ ብትወስዱት 0.83 ይደርሳል።

አሁን ጥያቄው «0.68 የሆነ ተራ ኮከብ ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር?» የሚል ነው። የኬ ዓይነት ኮከብ ይሆን ነበር፤ በኢንፍራሬድ ከዋናው 20 በመቶ በላይ ብርሃን ይጨምር ነበር፤ በክሮስ ኮሪሌሽን ግራፍም (ስፔክትረሙን ከአብነት ጋር አመሳስሎ ፍጥነትን በሚያሳየው) ሁለተኛ ጫፍ ያሳይ ነበር። ሁለቱም ከሌሉ ጓደኛው ጨለማ ነው። ዝቅተኛው መጠነ ቁስ 0.3 ብቻ ቢሆን ግን ይህ ክርክር አይሠራም፤ 0.3 የሆነ ቀይ ድንክ ከጂ ኮከብ ጎን በቀላሉ ይሰወራል። ዝቅተኛው ከ1.4 ካለፈ ደግሞ ነጭ ድንክ ሊሆን አይችልም፤ የኒውትሮን ኮከብ ወይም ጥቁር ጉድጓድ አስቡ።

በሰማይ ላይ መወዛወዝ

ፍሬድሪክ ቤሴል በ1844 የሲሪየስን መጥመዝመዝ አይቶ የማይታይ ጓደኛ እንዳለው ደመደመ፤ አልቫን ግርሃም ክላርክ በ1862 ጓደኛውን በዓይኑ አየው። ያ ዙር 50 ዓመት ይፈጃል። ጋያ የያዘው ከ100 እስከ 1,000 ቀን አካባቢ ያሉትን ነው፤ በ2022ቱ ልቀት ወደ 170,000 የሚጠጉ የመወዛወዝ ምህዋሮች አሉ። ምህዋር ባይሰጠውም ሩዌ የሚባለው ቁጥሩ (እንቅስቃሴው ከነጠላ ኮከብ ሞዴል ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ) ከ1.4 ያለፈ ኮከብ የተደበቀ ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ግን ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ምህዋር ካለ እንዲህ አስሉ፦ የመወዛወዙን ግማሽ ስፋት ለፓራላክሱ አካፍሉ፣ ከዚያ ለዋናው ኮከብ መጠነ ቁስ ኪዩብ ሩት አካፍሉ፣ ከዚያ ለዙሩ ጊዜ (በዓመት) ስኩዌር ኪዩብ ሩት አካፍሉ። ግማሽ ስፋቱ 6 ሚሊአርክሰከንድ፣ ፓራላክሱ 8፣ መጠነ ቁሱ 0.9፣ ዙሩ 2 ዓመት ቢሆን 0.49 ይወጣል። ተራ ጓደኛ ከሆነ ይህ ቁጥር ከ0.35 አካባቢ ብዙ አያልፍም። ምክንያቱ ጓደኛው በከበደ ቁጥር ብርሃኑም ስለሚጨምር የጥንዱን የብርሃን መሀል ወደ ራሱ ይስበዋል፣ መወዛወዙንም ያሳንሰዋል። 0.49 ለመድረስ ጓደኛው መክበድ አለበት፣ ማብራት ግን የለበትም፤ ስሌቱም 0.63 ፀሐይ ይሰጣል፤ ነጭ ድንክ የሚወድቅበት ቦታ።

ገና አልጨረሳችሁም። እያንዳንዳቸው 0.31 የሆኑ ሁለት ቀይ ድንኮች ተቀራርበው ቢዞሩም ያንኑ ክብደት በጥቂት ብርሃን ያመጣሉ። እነሱን የሚያጋልጣቸው ኢንፍራሬድ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት በኬ ባንድ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራሉ። የዋናው ኮከብ ቀለም ለመጠነ ቁሱና ለብረት ይዘቱ ከሚገባው ካልቀላ ቀይ ድንኮቹ የሉም። የብረት ይዘቱን ሳታውቁ ይህን ፈተና አትሥሩ፤ ብረት የበዛበት ኮከብ በራሱ ቀይ ነውና። ዙሩ ወደ 1 ዓመት የተጠጋ ምህዋርንም በጥርጣሬ ያዙት፤ ከፓራላክሱ ዑደት ጋር ይምታታል።

ግርዶሽ ሲገኝ

ግርዶሽ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ሬዲየሱን በቀጥታ ይሰጣል። ነጭ ድንክ ፀሐይን በሚያክል ኮከብ ፊት ሲያልፍ የሚጋርደው 0.017 በመቶ ብቻ ነው። 15,000 ኬልቪን የሆነው ያው ነጭ ድንክ ከኋላ ሲደበቅ ግን በሚታይ ብርሃን 0.3 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ትንሹ አካል ሲደበቅ የሚፈጠረው ጉድለት ፊት ለፊት ሲያልፍ ከሚፈጠረው ከጠለቀ፣ ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ትኩስ ነው። ፕላኔት ይህን ማድረግ አይችልም። በኬፕለር ቴሌስኮፕ የተገኙት ኬኦአይ-74 እና ኬኦአይ-81 የተለዩት በዚሁ ነው።

የግርዶሹ ወለል ጠፍጣፋ፣ መግቢያና መውጫው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቪ471 ታውሪ በተባለው ጥንድ ላይ ዙሩ 12.5 ሰዓት ነው፤ ነጭ ድንኩ 49 ደቂቃ ያህል ይሰወራል፣ መግቢያው ግን አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በ30 ደቂቃ ልዩነት የተለካ የቴስ የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ይህን ወደ ተዳፋት ስለሚለውጠው አጭሩን ልዩነት ፈልጉ። የቴስ አንድ ፒክስል 21 አርክሰከንድ ስለሆነ ግርዶሹ የጎረቤት ኮከብ አለመሆኑንም አጣሩ። ግርዶሽ ከሌለ በዙር አንድ ጊዜ የሚወጣ ለስላሳ ጉብታ የጦፈ ነጭ ድንክ የጓደኛውን ፊት ሲያሞቅ ይሆናል፤ ሁለት ጉብታ ከሆነ ጓደኛው በስበት ስለተለጠጠ ነው። ሁለቱን ማምታታት የዙሩን ጊዜ በግማሽ ወይም በእጥፍ ያሳስታል።

ሰፊ ዙር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ነጭ ድንኩ ሲያልፍ ስበቱ የኋላውን ብርሃን ስለሚያጎላ ኮከቡ ከመጉደል ይልቅ ይደምቃል። በ2014 የታወቀው ኬኦአይ-3278 በየ88.18 ቀኑ ለ5 ሰዓት ያህል በ0.1 በመቶ ይደምቃል። በብርሃን ግራፍ ላይ ወደ ላይ የወጣን ነጥብ ሁሉ እንደ ስህተት የሚያጠፋ ፕሮግራም ይህን አብሮ ያጠፋዋል፤ የላይኛውን ማጣሪያ ዝጉት።

ኬሚካላዊ ምልክት

ነጭ ድንኩ ፍጹም ቀዝቅዞ ቢጠፋ እንኳ በጓደኛው ላይ አሻራ ትቶ ሊሆን ይችላል። ግዙፍ ኮከብ በነበረበት ጊዜ የሠራቸውን ባሪየምና ስትሮንቲየም በነፋሱ ያፈስበታል። በባሪየም 4554 እና በስትሮንቲየም 4077 ላይ መስመራቸው ከልክ በላይ የጠነከረ ኮከቦችን በጥንድነት ፈትኗቸው። ቴክኒሺየም ከታየበት ግን ባሪየሙን የሠራው ራሱ ኮከቡ ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ስለሚበሰብስ ከድሮ ጓደኛ የመጣ ሊሆን አይችልም።

ዋናው ኮከብ ትኩስ ሲሆን

ለኤ እና ለቢ ዓይነት ኮከቦች ሬጉለስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ እንደ አብነት ውሰዱ። በ2008 ፍጥነቱ በየ40.11 ቀኑ ሲለዋወጥ ተያዘ። ግማሽ ስፋቱ በሰከንድ 8 ኪሎሜትር እንኳ አይሞላም፤ ኮከቡ በፍጥነት ስለሚሽከረከር መስመሮቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ይህን ለማየት በብዙ ዓመታት የተሰበሰቡ ልኬቶች አስፈልገዋል። ከስፋቱ የወጣው 0.3 ፀሐይ የሆነ ጓደኛ ነጭ ድንክም ተራ ቀይ ድንክም ሊሆን ይችል ነበር። በ2020 ብዙ ስፔክትረሞች በጓደኛው የተጠበቀ ፍጥነት ልክ ተደርድረው ሲደመሩ የጓደኛው ደካማ መስመሮች ወጡ፤ ሙቀቱ 20,000 ኬልቪን ገደማ፣ ሬዲየሱ 0.06 ፀሐይ፣ ወደ ነጭ ድንክነት እየተኮማተረ ያለ ኮከብ። አሠራሩን እናንተም መከተል ትችላላችሁ፦ ከዋናው ኮከብ ምህዋር የጓደኛውን ፍጥነት በየምልከታው ተንብዩ፣ የዋናውን አማካይ ስፔክትረም ቀንሱ፣ ቀሪዎቹን በተተነበየው ፍጥነት አሸጋሽጋችሁ ደምሩ። የጓደኛው መጠነ ቁስ በትክክል ስለማይታወቅ የፍጥነቱን ስፋት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው እየቀያየራችሁ ደጋግሙት፤ መስመሮቹ በአንድ ስፋት ላይ ብቻ ጠልቀው በሌሎቹ ላይ ከፈዘዙ የያዛችሁት ጓደኛውን ነው፤ በሁሉም ላይ እኩል ከታዩ ግን ከዋናው ኮከብ በሚገባ ያልተቀነሰ ቅሪት ነው።